ሲላስ ሱቅ ሲመርጥ

ዮዲት ሰይፈሥላሴ ተወልዳ ያደገችው ሆሳዕና ነው። አዲስ አበባ ተምራ እዚያው በአንድ የቀለም አከፋፋይ ድርጅት የሽያጭ ኃላፊ ሆና ስትሠራ ነበር። የጂኦግራፊ መምህር የነበሩት አባቷ ድንገት ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ሲላቸው ፈቃድ ጠይቃ መጣች። አባቷ ቀስ በቀስ በከዘራ ግቢያቸውን መዞር ጀመሩ፤ እሷ ግን ወደ አዲስ አበባ አልተመለሰችም። ለምን ሲሏት «እንጃ፣ ልቤ እምቢ አለኝ» ነው መልሷ።

ሥራ ስታፈላልግ፣ ሲላስ ሎዴቦ የሚባል የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ምክትል ሥራ አስኪያጅ እንደሚፈልግ ሰማች። ሲላስን ከተማው የሚያውቀው ረጅም ዘመን ደቡብ አፍሪካ ኖሮ በመመለሱ ነው። ቁመቱ ዘለግ፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሲቆጣ ጭራሽ የማይሰማ ሰው ነው። ሆሳዕና፣ ጃጁራና ሾኔ ላይ ሱቆች ነበሩት። አራተኛውን ዱራሜ ሊከፍት ሲያስብ ሁሉም ጋ በአንድ ጊዜ መገኘት እንደማይችል ገባውና ሰው መፈለግ ጀመረ።

ቃለ መጠይቁ የተደረገው ከሱቁ ጓሮ፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ሲላስ የትምህርት ማስረጃዋን ገለጥ አድርጎ አየና መለሰላት።

«ሀዲይኛ ትችያለሽ?»

«ከሰፈር ልጆች ጋር ስጫወት የለመድኩት አለ። ገበያ ላይ አያሳፍረኝም።»

«ፈሪ ነሽ?»

ዮዲት ጥያቄው አልገባትም። «ምን ነገር ነው የምፈራው?»

«ሰው ተንጋግቶ ሲመጣ።»

ትንሽ አሰበች። «ደርሶብኝ ስለማያውቅ ምን እንደምሆን አላውቅም» አለች።

«ጥሩ» አለና ተነሳ። «ሰኞ ጀምሪ።»

ዮዲት ወደ ቤቷ ስትሄድ ያ ጥያቄ አብሯት ሄደ። ብዙ ቦታ ሥራ ጠይቃ ታውቃለች፤ ሽያጭ ትችያለሽ ወይ፣ ኮምፒውተር ትችያለሽ ወይ ተብላለች። ፈሪ ነሽ ወይ ብሎ የጠየቃት ቀጣሪ ግን የመጀመሪያው ሲላስ ነው።

የሆሳዕናው ሱቅ በመስታወት ያጌጠ ሕንፃ ምድር ቤት ላይ ነው። ከውጭ ሲያዩት ዘመናዊ ነገር ይመስላል። ገባ ሲሉ ግን ከወለሉ እስከ ጣሪያው የተበየደ የብረት ፍርግርግ ፊት ለፊት ይገጥምዎታል። በፍርግርጉ መሀል አንድ ጣሳ ቀለም የምታሳልፍ መስኮት አለች። ደንበኛ በመስኮቷ ጎንበስ ብሎ የሚፈልገውን ይናገራል፤ ሻጩ ውስጥ ገብቶ ፈልጎ ያመጣል። ያልሆነውን ካመጣ መልሶ ይገባል።

ዮዲት የመጀመሪያውን ሳምንት ያሳለፈችው ይህን በማየት ነው። አንዱ ገበሬ ቧንቧ ሊያስገባ ፈልጎ «ያቺ ውኃው ወደዚህ ሲመጣ ወደዚያ የምታዞረው» ይላል። ክርን የመሰለችው ኤልቦ ትመጣለታለች። «እሷ አይደለችም፣ ሌላ አፍ ያላት» ይላል። ሻጩ ተመልሶ ይገባል። ከኋላው የተሰለፈው ሰው እግሩን ይቀያይራል። ዕቃዎቹ እኮ እዚያው፣ ከፍርግርጉ ወዲያ መደርደሪያ ላይ ናቸው። ሰውየው ገብቶ በጣቱ ቢያመለክት ነገሩ ወዲያው ያልቃል።

ሌላም የሚያስገርም ነገር ነበር። ሲላስ ከምንም ዕቃ ብዙ አያስገባም። ቆርቆሮም ሆነ ፌሮ፣ ሚስማርም ሆነ የበር ማጠፊያ፣ ሊያልቅ ሲል ነው አይሱዙው አዲስ አበባ ሄዶ ጥቂት ጭኖ የሚመለሰው። መጋዘኑ ሰፊ ሆኖ ሳለ ግማሹ ባዶ ነው፤ ለምልልሱ የሚወጣው ነዳጅ ዮዲትን ያንገበግባታል። ሠራተኞቹን ደግሞ በየጊዜው ያዘዋውራል፤ ጃጁራ ያለው ሾኔ ይሄዳል፣ የሾኔው ወደ ሆሳዕና ይመጣል። አንድ ሰው ካንድ ሰፈር ጋር ሊላመድ ሲል ይነሳል። የማይነሳው አንድ ወንዳፈረው ብቻ ነው። ወንዳፈረው ሱቁ ከተከፈተ ጀምሮ የሆሳዕናዋ መስኮት ላይ ያለ ሰው ነው።

«ይሄ ሁሉ ለምንድን ነው?» ስትል ጠየቀችው አንድ ቀን፣ ምሳ ሲበሉ።

«ስስት ነዋ» አለ ወንዳፈረው። «ሰው ዕቃውን ሲነካበት ያመዋል።»

ዮዲት ይህን ለመቀበል ከበዳት። የቀን ሠራተኛ ብረት ወድቆበት እግሩ ሲሰበር ሆስፒታል ያስተኛውና እስኪድን ደሞዙን የከፈለው ሲላስ ነው። ቤተ ክርስቲያናቸው ጣሪያ ሲቀይር ቆርቆሮውን የሰጠውም እሱ ነው። ስስታም ሰው እንዲህ አያደርግም። ታዲያ ምንድን ነው? ዮዲት ነገር ካልገባት ዝም ብላ የምትቀመጥ ሴት አልነበረችም፤ ልጅ ሳለች የሰፈሩ ጫማ ሰፊ ደጃፍ ቆማ «ይሄን ለምን እንዲህ ሰፋኸው?» እያለች ሰውየውን የምታደክም ነበረች።

ማታ ማታ ለአባቷ ታወራላቸዋለች። መምህር ሰይፈሥላሴ አንደበታቸው ትንሽ ቢጎተትም ሐሳባቸው እንደ ድሮው ነው።

«ተማሪዎቼን የሰፈራችሁን ካርታ ሳሉ እላቸው ነበር» አሏት አንድ ምሽት። «አንዱ ልጅ ሁልጊዜ አንድ የጎረቤት ቤት ከትምህርት ቤቱም፣ ከገበያውም አስበልጦ ይስላል። ሀብታም ቤት መስሎኝ አንድ ቀን ሄጄ አየሁት። ተራ ቤት ነው። ልጁን ምን አለበት ብዬ ስጠይቀው፣ ውሻ አለበት አለኝ። ነክሶት ያውቃል።»

ዮዲት ሳቀች።

«ካርታው ስህተት ነው ብዬ ማረሙ ቀላል ነበር» አሉ አባቷ። «ልጁ ግን ትምህርት ቤት የሚመጣው በዚያ ካርታ ነው። ያን ቤት ዞሮ፣ በወንዙ በኩል አድርጎ ነበር የሚመጣው።»

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሲላስና ዮዲት የሱቅ ቤት ለማየት ዱራሜ ሄዱ። ፒክአፑን የሚነዳው ራሱ ሲላስ ነው። ደላላው ሁለት ቤቶች አዘጋጅቶ ጠበቃቸው።

አንደኛው ከገበያው አጠገብ፣ ጥግ ላይ ያለ ሰፊ ቤት ነው። በሁለት በኩል መንገድ ያዋስነዋል፤ ከአንጋጫ የሚመጣውም ከገበሬው መንደር የሚወጣውም በፊቱ ያልፋል። ዮዲት ስታየው ልቧ ደነገጠ፤ እንዲህ ያለ ቦታ አዲስ አበባ ቢገኝ ሰው ይሻማበታል። ሲላስ ፊት ለፊቱን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ በቀጥታ ወደ ጓሮ አለፈ። የኋላው ግድግዳ ከሌላ ቤት ጋር የተጋጠመ ነው። ተመልሶ ወጣና «ሁለተኛውን አሳየን» አለ።

ሁለተኛው ከዋናው መንገድ ገባ ያለ፣ ጠባብና ጨለም ያለ ቤት ነበር። ሲላስ እንደገና ወደ ጓሮ አለፈ። ከኋላ ወደ ሌላ መንገድ የሚያወጣ የብረት በር አለ። በሩን ከፈተው፣ ወጣ፣ ግራ ቀኙን አየ፣ ተመለሰ።

«ይሄ ይሆናል» አለ።

ደላላው እንኳ ተገረመ። ዮዲት ሰው ፊት ልትከራከረው አልፈለገችም። ሲመለሱ አንጋጫ ላይ ሻይ ሊጠጡ ቆሙ። ከመንገዱ ዳር ካለች ሻይ ቤት በረንዳ ተቀመጡ። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ከየግቢው የእንሰቱ ቅጠል ውኃ ያንጠባጥባል።

«ጋሽ ሲላስ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

«ጠይቂ።»

«ቅድም ሁለቱም ቤት ጋ ቀድመው የሄዱት ወደ ጓሮ ነው። ገበያውን አላዩም፣ መንገዱን አላዩም። የኋላውን በር ብቻ አይተው ወሰኑ። ለምን እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኛል።»

ሲላስ ብርጭቆውን አፉ ጋ እንዳደረሰ ቀረ።

«እኔ? ወደ ጓሮ ሄድኩ?»

«ሁለቱም ጋ።»

ብርጭቆውን መልሶ አስቀመጠ። ዮዲት ያስቆጣችው መሰላትና ደነገጠች። እሱ ግን አልተቆጣም፤ የሆነ ሰው ኪሱ ውስጥ የማያውቀውን ዕቃ አውጥቶ እንዳሳየው ያህል ግራ ተጋብቶ ነበር።

«አላስተዋልኩትም» አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ «ሾኔም እንደዚያው ነው የመረጥኩት። ጃጁራም።»

ከዚያ ነገራት። ደቡብ አፍሪካ ሳለ ዕንባቆም ከሚባል፣ ከሆሳዕና ብዙ ከማትርቀው ከሞርሲቶ የሄደ ልጅ ጋር ነበር የሚሠራው። ሐበሾቹ ሎኬሽን በሚሉት የድሃ ሰፈር ውስጥ አንድ ኮንቴይነር ተከራይተው ሱቅ አደረጉት። ፊት ለፊት ፍርግርግና መስኮት፣ ከኋላ ትንሽ በር አለው። የሚሸጡትም የሚተኙትም እዚያው ውስጥ ነበር። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሠራው፤ በመስኮት ያልሸጠ ሱቅ ሳይዘረፍ አያድርም።

«የገና ሰሞን ዕንባቆም ዕቃ በብዛት እናምጣ አለኝ» አለ ሲላስ። «ገበያው ጥሩ ነበር፤ እኔም እሺ አልኩ። ዱቄቱን፣ ዘይቱን፣ ለስላሳውን እስከ ጣሪያ ደረደርነው። ቦታ ሲያንሰን የኋላው በር ላይም ደረደርን። ለጥቂት ቀን ነው ብለን።»

ዮዲት ሻይዋን ረሳችው።

«ሰው ተንጋግቶ መጣ። ምን ሆነው እንደመጡ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ትናንትና ዳቦ የሸጥኩላቸው ሰዎች ናቸው። እኔ ከፊት ስለነበርኩ ፍርግርጉን ከፍቼ ወጣሁ፤ ደበደቡኝ፣ ግን አመለጥኩ። ዕንባቆም ከዕቃው ወዲያ ነበር። በኋላ በር ሊወጣ ፈለገ።» ሲላስ ጣቶቹን ተመለከተ። «ሱቁን ለኩሰውት ነበር፤ ዕቃውን አንስቶ ሳይጨርስ እሳቱ ቀደመው።»

 የሻይ ቤቷ ባለቤት መጥታ ልድገማችሁ ወይ ብላ ጠየቀች፤ ሲላስ ራሱን ነቀነቀ።

ዮዲት ኮሌጅ ሳለች ስትራቴጂ የሚባል ትምህርት ወስዳለች። ተወዳዳሪ ይጠናል፣ ገበያ ይጠናል፣ ደካማና ጠንካራ ጎን ይለያል፣ ከዚያ ይወሰናል፤ የተማረችው እንዲህ ነው። እዚህ ግን የሦስት ከተማ ንግድ የቆመው በአንድ የተዘጋ በር ላይ ነው። ዕቃ የማይበዛው በሩ እንዳይዘጋ ነው። ሠራተኛ የሚዘዋወረው ሰው ፊቱን ለምዶ እንዳይዘምትበት ነው። ፍርግርጉም ያው። ሰውየው ይህን ሁሉ አስልቶ አላደረገውም። እጁ ነው ያደረገው፤ እግሩ ነው ወደ ጓሮ የሄደው።

መኪና ውስጥ ከገቡ በኋላ ሲላስ «ሰው ስስታም ነው ይለኛል አይደል?» አለ።

«ይላል።»

«አንቺስ?»

«ስስት እንዳልሆነ ገምቼ ነበር። ምን እንደሆነ ነው ያላወቅኩት።» ትንሽ ሄደው፣ «ሆሳዕና ላይ ሰው ተንጋግቶ መጥቶብዎት ያውቃል?» ስትል ጠየቀች።

ሲላስ አሰበ። «ከመስቀል በኋላ፣ ለቆርቆሮ» አለ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ እሷ ፊት ሳቀ። «ሲያልቅብኝም ተንጋግቶ ይሄዳል።»

ያ ወሬ እዚያው ቀረ። ዮዲትም ደግማ አላነሳችውም። የሰው ቁስል ከታየ በኋላ ፍርግርግዎን ያንሱ ማለት ነውር መሰላት። ሱቁ እንደነበረ ቀጠለ፤ ዱራሜም ጠባቡ ቤት ሊያዝ ቀብድ ብቻ ቀርቶት ነበር።

መስቀል አለፈ። ደቡብ አፍሪካና ዓረብ አገር ያሉ ልጆች ለቤት መሥሪያ የላኩላቸው ወላጆች ሁሉ ወደ ግንባታ ተነሱ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሆሳዕናም ጃጁራም ቆርቆሮ አለቀ። አይሱዙው አዲስ አበባ ሄዶ እስኪመለስ ደንበኛው ዞሮ ሌላ ሱቅ ገባ። ሲላስ ከፍርግርጉ ወዲያ ቆሞ፣ በመስኮቷ በኩል፣ ለዓመታት የሚያውቃቸው ሰዎች ከማዶው ሱቅ ቆርቆሮ በጋሪ ሲያስጭኑ አየ። ዮዲትም አጠገቡ ቆማ አየች።

በማግስቱ ጠራት።

«ዱራሜ ላይ ሰፊውን ቤት ተከራዪው» አላት። «እንደ ሐሳብሽ አድርጊው። ፍርግርጉንም፣ ዕቃውንም፣ ሁሉንም። እኔ እጄ አይታዘዘኝም። አንቺ ስታደርጊው ልይ።»

ዮዲት ደስታዋን መደበቅ አቃታት። ለአባቷ የሚያግዝ ሰው ቀጥራ ዱራሜ ክፍል ተከራየች። ከጃጁራው ሱቅ ሃቢባ የምትባል ሻጭ ይዛ ሄደች፤ ሃቢባ እናቷ ከምባታ ስለሆኑ የዱራሜን ሰው ቋንቋ አቀላጥፋ ትናገራለች። ሁለቱ ሆነው ሱቁን ልክ ዮዲት አዲስ አበባ እንደምታውቀው አደረጉት። በሮቹ ወለል ብለው ተከፈቱ። ማጠፊያው በመጠኑ፣ ሚስማሩ በቁጥሩ፣ ቀለሙ በዓይነቱ ተደረደረ። እያንዳንዱ ዕቃ ፊት ስሙና ዋጋው ተጻፈ። ደንበኛው ገብቶ፣ አይቶ፣ የሚፈልገውን ቅርጫት ውስጥ ከትቶ ከፍሎ ይወጣል። ዮዲት ሲያልቅ መሀሉ ላይ ቆማ ዙሪያዋን አየችና፣ እንዲህ ነው ሱቅ፣ አለች በልቧ።

ሰው መጣ፤ ብዙ ሰው። ቧንቧውን አገላብጦ አየ፣ ቀለሙን ወዘወዘ፣ ቁልፉን ከፍቶ ዘጋ። ከዚያ «ጥሩ ነው፣ ይባረክ» ብሎ ወጣ።

ዮዲት መጀመሪያ ሰዉ አዲስ ነገር ሆኖበት ነው አለች። ቀጥሎ ጽሑፉ አንሶ ይሆናል ብላ በትልቁ አስጻፈች። ባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ አስራ ከተማውን አዞረች። ሰዉ ጨመረ፤ አይቶ መውጣቱም ጨመረ። ማታ ማታ ከሃቢባ ጋር ቁጭ ብለው ምን ጎደለ ይላሉ። ሃቢባ ሰዎቹ የሚያፍሩ መስሏታል፤ ዮዲት ማፈር ከሆነ በጊዜ ይለቃል ትላለች። ልምዱም አለኝ፣ ትምህርቱም አለኝ፤ ታዲያ ይሄ ለምን እንዲህ ሆነ? ትል ነበር በልቧ። ቢያበሳጫትም ከብስጭቱ ይልቅ የማወቅ ጉጉቱ ያይልባት ነበር።

በአንድ የገበያ ቀን ሲላስ ሳይነግራት መጣ። ሰላምታ ሰጥቶ ጥግ ያለው የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጠ። ወለል ብለው የተከፈቱትን በሮች አንዴ አየና ወንበሩን እንደሚያስተካክል ሰው ትንሽ ወደ ግድግዳው ተጠጋ። ከዚያ እስከ እኩለ ቀን ድረስ የሚገባ የሚወጣውን ይመለከት ጀመር።

ባርኔጣ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ ገብተው ማጠፊያዎቹ ፊት ቆሙ። አንዱን አነሱ፣ አስቀመጡ። ትልቁን አነሱ፣ በመዳፋቸው መዘኑት፣ መልሰው አስቀመጡና ወጡ። ሲላስ ተነስቶ ተከተላቸው። ዮዲት በበሩ በኩል አየቻቸው፤ መንገዱ ዳር ቆመው በሀዲይኛና በከምባትኛ እያደባለቁ ረጅም ወሬ ያወራሉ። ሽማግሌው በእጃቸው አየር ላይ በር ይስላሉ። ሲላስ ይጠይቃል፣ ይስቃል፣ ደግሞ ይጠይቃል። ከዚያ ይዟቸው ተመለሰ። ሽማግሌው ሲወጡ ለገዙት ዕቃ ጋሪ አስጠርተው ነበር።

«ማጠፊያ ምን ያደርግላቸዋል» አለ ሲላስ፣ ተመልሶ ሲሚንቶው ላይ ሲቀመጥ። «አናጺው በሩን አጥብቦ ቆርጦባቸው ከፍሬሙ አልገጥም ብሏል። ምን እንደሚያደርጉ የሚነግራቸው ሰው ነው የፈለጉት። ብሩን የሚልከው ልጃቸው ጆበርግ ነው። ጣሪያውም ገና ነው።»

«እኔን ለምን አልጠየቁኝም?» አለች ዮዲት። «እዚህ ነበርኩ እኮ።»

ሲላስ ዙሪያውን በአገጩ አመለከተ። «ሁሉም ነገር ስሙ ተጽፎበታል። ዋጋውም ተጽፏል። ምን ብለው ይጠይቁሽ? የሚያውቅ ሰው የሚገባበት ቤት ነው ያስመሰልሽው። እኔ ጋ ዕቃውን ስለማያዩት የግድ ይናገራሉ። ያ ወደዚህ ሲመጣ ወደዚያ የሚዞረው ይላሉ። ሲናገሩ ቤታቸውን አውቃለሁ። ሆሳዕና ላይ የማን ቤት ጣሪያው እንደቀረ፣ የማን መጸዳጃ ቤት ውኃ እንዳልገባ፣ ሁሉን አውቃለሁ። የምሸጠው በዚያ ነው።»

ይህን ሲል እሱም እንደ አዲስ የሰማው ነገር መሰለ። ቆም ብሎ፣ «ይሄንንም አሁን ነው ያስተዋልኩት» አለ።

 አዲስ አበባ ደንበኞቿ ተቋራጮች ነበሩ። መሐንዲስ የጻፈላቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ወሬ አይፈልጉም፣ ቶሎ ይሄዳሉ። ደንበኛ ማለት ለእሷ ያ ሰው ነው። ዱራሜ መጥታ ሱቅ የከፈተችው ዱራሜ መጥቶ ለማያውቅ ሰው ነው። ሲላስ በኮንቴይነሩ ዓይን ሱቁን ሲሠራ አይታ ገርሟት ነበር፤ እሷ ደግሞ የአዲስ አበባውን አከፋፋይ ተሸክማ መጥታለች።

በዚያ ሳምንት ቅርጫቶቹ ተነሱ። በመሀሉ ረጅም ጠረጴዛ፣ በግራ በቀኙ አግዳሚ ወንበር ገባ። ሰው ሲገባ ሃቢባ «ምን እየሠራችሁ ነው?» ትላለች። ሰውየውን አግዳሚው ላይ ያስቀምጡትና ቤቱን በጠመኔ ጠረጴዛው ላይ ይስሉታል፤ በሩ የት ነው፣ ውኃው ከየት ይመጣል፣ አናጺው ምን አለ። ሥዕሉ እየተሳለ ሌላው ደንበኛ አንገቱን አስግጎ «እኔ እንዲህ አድርጌ ተበላሽቶብኛል» ይላል። ሲነሱ የሚገዙትን አውቀውት፣ ከመደርደሪያው ራሳቸው አንስተው ይሄዳሉ። አንዳንዴ ጠረጴዛው ጋ የሚሰበሰቡት ምንም የማይሠሩ፣ ወሬ ለመስማት የመጡ ናቸው፤ ዮዲት እነሱንም አታባርርም።

በጋው ሳያልቅ ሲላስ «ጃጁራንም እንደዚህ» አለ። ሃቢባ ኃላፊ ሆና ወደ ጃጁራ ተመለሰች። ከዚያ ሾኔ ተከተለ። የመጨረሻው ሆሳዕና ነበር። ብረት በያጁ ፍርግርጉን ሊቆርጥ የመጣ ዕለት ሲላስ ከተማ ውስጥ አልነበረም። ዮዲት ስትደውልለት ሞርሲቶ እንዳለ፣ የዕንባቆምን እናት ሊጠይቅ እንደሄደ ነገራት። «እናንተ ጨርሱት» አላት፤ ድምፁ እንደወትሮው ዝግ ያለ ነበር።

አንድ ነገር ግን አልተለወጠም። ዕቃ በብዛት ይገባል፤ የኋላ በር ባለበት ሁሉ ግን ከበሩ ፊት አንዲት ካርቶን አትቀመጥም። የዱራሜው ቤት ግድግዳም ባለቤቱ ተለምኖ በጎን በኩል በር ወጣለት። ይህን ደንብ የምታስከብረው ራሷ ዮዲት ነበረች፤ አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር መጀመሪያ የምትነግረው ይህን ነው።

ሁሉ ነገር ግን በሰላም አላለፈም። ፍርግርጉ ሲነሳ በጣም የተጎዳው ወንዳፈረው ነው። መስኮቷ ላይ ሰው የሚያውቀው ወንዳፈረው ቀልጣፋ ነበር፤ አሁን እጁን የት እንደሚያደርግ አጣ። ሰው ከጎኑ ሲመጣ ይደነግጣል። «ከኋላዬ ሰው ቆሞ አያውቅም እኮ» አላት ለዮዲት፣ እያፈረ። የቀለም ጣሳዎች መጥፋት ሲጀምሩ ደግሞ እሱ ላይ ዓይን አረፈ። ሲላስ መጥቶ ባዶውን መደርደሪያ አየና ከንፈሩን ነከሰ። ዮዲት አሁን በያጁን መልሶ ይጠራዋል ብላ ጠበቀች። ሲላስ ወንዳፈረውን ለብቻው ይዞ ጓሮ ገባ፤ የት መሥራት እንደሚፈልግ ጠየቀው። ወንዳፈረው መጋዘን አለ። መጋዘኑ ትንሽ መስኮት አላት። ጥቂት ወር ሳይሞላ የድሮ ደንበኞቹ ሱቁን አልፈው፣ በጓሮ ዞረው፣ መጋዘኗ መስኮት ላይ ይሰለፉ ጀመር። ዮዲት ልትከለክል ስትነሳ ሲላስ ያዛት። «ተያቸው» አለ። «ለሱ መናገር ለምደዋል።» ጣሳዎቹን ማን እንደወሰዳቸው ሳይታወቅ ቀረ። ቀለሙ ወደ ጠረጴዛው ሲጠጋ መጥፋቱ ቀነሰ።

ዘንድሮ ሆሳዕና አዲስ ወሬ አለ። ሀብተሚካኤል የሚባል ወጣት ሱቅ ሳይኖረው የሕንፃ መሣሪያ ይሸጣል። ዕቃውን ከተማ ዳር ባለ አጥር ግቢ አስቀምጦ፣ በቴሌግራም ፎቶ ይለቃል፤ ደንበኛው ደውሎ ያዝዛል፣ ባጃጅ ያደርሳል። ጠረጴዛ የለውም፣ መደርደሪያ የለውም፣ ከማንም ጋር አያወራም። ሆኖም ባጃጆቹ ቀኑን ሙሉ ይመላለሳሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ዮዲት ከዱራሜ አባቷን ልትጠይቅ ሆሳዕና መጥታ ነበር። ሲላስ በፒክአፑ መጥቶ ከደጃፉ ጡሩንባ ነፋ። አብረው ከተማ ዳር ወጡ። የሀብተሚካኤል ግቢ ፊት ለፊት መኪናውን አቁመው ሁለቱም ተመለከቱ። በሩ ክፍት ነው። ወጣቱ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሀል ይዞ፣ ባጃጅ ላይ ቧንቧ ያስራል።

«ይሄ ልጅ ምን እያሰበ ነው?» አለ ሲላስ።

«እኔም አልገባኝም» አለች ዮዲት። «መጀመሪያ ተሳስቷል ብዬ ነበር።»

«እኔም።»

ልጁ ስልኩን ዘግቶ ቀና ሲል ፒክአፑን አየና እጁን አንስቶ ሰላም አላቸው። ዮዲት ልትጠይቀው የመኪናውን በር ከፍታ ወረደች። ሲላስ ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ነቀለና ተከተላት።